«ሐሳብ ነጠፈብኝ» ያለችኝ ልጄ

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ነው። የመጨረሻዋ ልጄ ለሦስት ሳምንት ያህል ጠዋት ኮምፒዩተሯ ፊት ትቀመጣለች፣ ማታ አንዲት መስመር ሳትሥል ትነሳለች። በመሀል ብድግ ብላ ትወጣና «መርካቶ ነበርኩ» ብላ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ትመለሳለች። አንድ ቀን ደግሞ በረንዳ ላይ ቆማ ጎረቤታችን ምስር ስትለቅም ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስታይ ዋለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«እያየሁ ነው።»

«ምኑን?»

«እጇን።»

ሠላሳ አምስት ዓመት በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ሥራ ማለት ለእኔ ፈርሞ መግባት፣ በሽተኛ መረከብ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ መስጠት፣ ለተረኛ አስረክቦ መውጣት ነው። የሰው እጅ ሲያዩ መዋል ሥራ አልመሰለኝም። እናም የተናገርኩትን ተናገርኩ። ምን እንዳልኩ እዚህ አልጽፈውም፤ ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

ልጄ የግራፊክ ዲዛይነርና ሠዓሊ ናት። ሥራዋን ለሰው ለማስረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል። ለዕድር ጓደኞቼ «ኮምፒዩተር ላይ ነው የምትሠራው» ብዬ አልፈው ነበር። የመጽሐፍ ሽፋን፣ የበርበሬና የሽሮ ማሸጊያ፣ የግድግዳ ካላንደር፣ በልጆች ተረት ውስጥ ያለችው ጥንቸል፣ ይህ ሁሉ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አስቦ፣ ሥሎ ነው እጃችን የሚገባው። ያኔ ያመጣችው ነጥብ ፋርማሲ ያስገባት ነበር። እሷ ግን ሥዕልን መረጠች፤ እኔም ዓመት ሙሉ ፊቴን አጠቆርኩባት። ከዚያ በኋላ ታርቀናል፤ ነገር ግን ስለ ሥራዋ መነጋገር የሚባል ነገር በቤታችን አልነበረም። «እንዴት ዋልሽ?» እላለሁ፣ «ደህና» ትላለች፤ በቃ።

ተቀጥራ ስለማትሠራ፣ ሥራ ከሌለ ደመወዝ የለም። በዚያ ሰሞን የያዘችው ሥራ በገጠር ላሉ እናቶች የሚሰጥ፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው በሥዕል ብቻ የሚረዳው የሕፃናት ተቅማጥ ማስተማሪያ ነበር። ያሠራት ድርጅት ቀብድ ሰጥቷታል። ቀብዱ ኮምፒዩተር ማሠሪያ ሄዷል። ማስረከቢያው ሐምሌ መጨረሻ ነው። እኔ የገጠር ጤና ጣቢያ የሠራሁ ነርስ፣ ልጄ ስለ ተቅማጥ ሥዕል እየተጨነቀች ከጎኔ ተቀምጣ ሳለ፣ ምን እንደያዘች እንኳ አልጠየቅኋትም ነበር። የሰማሁት ከተቆጣኋት በኋላ ነው። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። «እማዬ፣ ሰንፌ አይደለም፤ ሐሳብ ነጠፈብኝ» አለችኝ።

ነጠፈ የሚለውን ቃል ከእናቴ ቤት ነው የማውቀው፤ ለላም ነበር የምንለው። እናቴ ላም ስትነጥፍ አትሰድባትም። «የት ነው የምትሰማራው?» ብላ እረኛውን ትጠይቃለች። እኛም በሙያችን የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ሲመጣ መጀመሪያ «ምን በላ? ምን ጠጣ? ከመቼ ጀምሮ?» ይባላል። እናም አጠገቧ ተቀመጥኩና «እስቲ ሰሞኑን ስታዪ የምትውዪውን ሁሉ አሳዪኝ» አልኳት።

ፒንተረስት የሚባለውን ከፈተችልኝ። ከመላው ዓለም የተሰበሰበ ሥዕል ነው፤ ጣት በነካ ቁጥር ሌላ ይመጣል፣ ማለቂያ የለውም። ብዙው ያምራል። ጥቂት እንዳየሁ ግን ሰዎቹ ሁሉ አንድ መሰሉኝ፤ ክንዳቸው ረጅም፣ ጭንቅላታቸው ትንሽ፣ ግማሾቹ ዓይንና አፍ እንኳ የላቸውም። «ይህ የማን አገር ሰው ነው?» ብላት ሳቀች። «የማንም አይደለም፤ እሱ ነው ችግሩ» አለች። ይህን ስታይ ውላ ወረቀት ስትይዝ እጇ የሚያመጣላት እሱኑ ነው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያም ሞክራለች። «ቡና የምታፈላ ኢትዮጵያዊት እናት» ብላ አዝዛው የሠራውን አሳየችኝ። ሴትየዋ ቆንጆ ናት፤ ሲኒዋ ግን እንደ ሻይ ኩባያ ጆሮ አለው። ጀበናውም ምን እንደሚመስል ባልናገር ይሻላል።

እዚህ ላይ እንደ ነርስ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ሐሳብ መንጠፍ በሽታ አይደለም፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። ልጃችሁ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ አብዛኛውን ጊዜ ከከፋው፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባበት፣ ቀድሞ ደስ የሚለውን ሁሉ ካስጠላው፣ የሥዕል ነገር ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ጤና ባለሙያ ይየው። የእኔዋ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትወጣለች፣ ትስቃለች። ስለዚህ ግጦሹን እንፈልግ አልኩ።

ያን ምሽት ለስንት ዓመት ያልነገርኳትን ነገርኳት። በ1970ዎቹ መጨረሻ ገና ዲፕሎማዬን ይዤ ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ተመድቤ ነበር። ለጤና ትምህርት የሚሆን ፍሊፕ ቻርት ተልኮልናል። አንደኛው ገጽ ላይ ሦስት ሥዕል ጎን ለጎን አለ፦ ዓይኑ የጎደጎደ ሕፃን፣ በኩባያ የሚጠጣ ሕፃን፣ ወፍሮ የሚስቅ ሕፃን። እኔም ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በውኃ በጥብጦ መስጠት ሕፃኑን እንዴት እንደሚያድነው በደንብ አስረዳሁ። ስጨርስ ልጅ ያዘለች አንዲት እናት እጇን አወጣችና «ሲስተር፣ የመጀመሪያው ልጅ ሞተ ወይ?» አለችኝ። አልገባኝም። «ሦስት ልጆች ናቸው አይደል? ይኼኛው ጠጣ፣ ያኛው ጠገበ፤ ያን ምስኪን ግን ማንም አልሰጠውም» አለች። ዞር ብዬ ሥዕሉን አየሁት። እውነቷን ነው። ሦስቱ ልጆች በልብስ አይመሳሰሉም፣ በፊት አይመሳሰሉም። አንድ ልጅ በሦስት ጊዜ ነው የሚለው እኛ ጋዜጣና መጽሐፍ የለመድነው ጭንቅላታችን ውስጥ እንጂ ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

ልጄ ሳትተነፍስ ሰማችኝ። ከዚያ ተነስታ ደብተሯን አመጣች። «እስካሁን ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ።

«አልጠየቅሽኝማ።»

«አንቺስ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

ሁለታችንም ዝም አልን። ዝምታው ደስ አይልም ነበር።

በማግሥቱ ቅዳሜ አብረን ስድስት ኪሎ ሄድን፤ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ ድሮ ቤተ መንግሥት የነበረው ሙዚየም። አርባ ዓመት አዲስ አበባን ስመላለስባት ገብቼ አላውቅም። ልጄ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና እርሳስና ደብተር አወጣች። ፎቶ ለምን አታነሺም ብላት «ፎቶ ሳነሳ ስልኩ ነው የሚያየው፤ ሥዬው ካልሆነ እኔ አላየውም» አለችኝ። ይህን ነገር ወደድኩት። ተማሪ ነርሶችንም ስናሠለጥን፣ የበሽተኛውን ትንፋሽ በእጃችሁ ሰዓት ይዛችሁ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩት፣ በግምት አትጻፉ እንላቸው ነበር።

ከጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ፊት ብዙ ቆየን። የድሮ ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሥሉታል፤ ክፉውን ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ማንበብ የማይችል ምእመን ገና ከሩቁ ማን ማን እንደሆነ ይለያል። «ተመልከች እማዬ፣ ይህ እኮ ዲዛይን ነው» አለችኝ። እኔ በልጅነቴ ከእናቴ ሰምቼው የማውቀውን ነገር እሷ እንደ አዲስ ግኝት ስትጽፈው ሳይ ገረመኝ። የጎንደሩን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከመቶ በላይ የመላእክት ፊት ከላይ ቁልቁል ያያል፣ ሁሉም በሁለት ዓይናቸው።

እነዚያ ትልልቅ ዓይኖች ግን ሌላ ነገር አስታወሱኝ። በገጠር ሳለሁ በሽተኛ ልጅ ሲመጣ አንገቱ ላይ በቆዳ የተሰፋ ክታብ ማየት የተለመደ ነበር። አንዲት ሴት አንድ ቀን ጥቅልሉን አውጥታ አልጋው ላይ ዘረጋችው። ጠባብ ብራና ነው፤ ጸሎት ተጽፎበታል፣ በመሀሉ ዓይኖች ተሥለውበታል። ርዝመቱ የባለቤቱ ቁመት ልክ ነው፤ ከእግር እስከ ራስ እንዲጠብቀው ተብሎ። እኔ ያኔ በጣም ነበር የተቆጣሁት፤ ልጁ ውኃ ከሰውነቱ አልቆ እየደከመ፣ ሰው ብራና ይዘረጋል ብዬ። አሁንም ተቅማጥ በክታብ ይድናል አልልም፤ የሚያድነው ፈሳሽ ነው። ልጄ ግን የሰማችው ሌላውን ነው። «በሰውየው ቁመት ልክ?» አለችኝ፤ ሁለቴ ጠየቀችኝ። «ሥዕሉ በሰው ተለክቶ ይሠራል ማለት ነው?»

እኔ የናቅሁትን ይህን ነገር ትልልቆቹ ሠዓሊዎቻችን አልናቁትም። እስክንድር ቦጎስያን ከእነዚህ የጠልሰም ሥዕሎች ብዙ ወስዷል። ዘሪሁን የትምጌታ ደግሞ በቀርከሃ ስንጥቆች ላይ ሲሥል፣ ሥራው የሸማኔን ጥለትም የብራና ጥቅልልንም ያስታውሳል። ልጄ ስለ አፈወርቅ ተክሌም በመንገድ ላይ ነገረችኝ። በ1925 ዓ.ም አንኮበር የተወለዱት አፈወርቅ ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። (ይህን ስትነግረኝ በጎን አየችኝ፤ እኔም የፋርማሲውን ነገር ዋጥኩት።) ሥዕል ተምረው ከተመለሱ በኋላ ደግሞ እንደገና አውሮፓ ሄደው በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ያሉትን የእኛኑ የብራና መጻሕፍት ሥዕል አጥንተዋል። የባለቀለም መስታወት ሥራንም ተምረዋል። በ1953 ዓ.ም በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው መስታወት ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ለማሳየት የተነሳ ሠዓሊ መጀመሪያ የሄደው የራሱን አገር ብራና ሊያይ ነው።

ሁልጊዜ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በ1950ዎቹ የአገራችንን ቱሪዝም ሲያቋቁሙ ለዓለም ያቀረቡት መፈክር «የ13 ወር ፀሐይ» የሚል ነበር። ጳጉሜን ስንቆጥር ነው ያደግነው፤ በየቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። እኛ ዕዳ የምንቆጥርባትን እሳቸው አገር ማስተዋወቂያ አደረጓት።

ከስድስት ኪሎ እንደተመለስን ልጄ ማእድ ቤቴን ታተራምስ ጀመር። ጣሳ፣ ጆግ፣ ጀሪካን፣ ኩባያ፣ ማንኪያ፣ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ሣለች። የመጀመሪያው ንድፏ ላይ ሊትር የተጻፈበት የመስታወት መለኪያ አድርጋ ነበር። «እንዲህ ያለ ዕቃ የትኛዋ የገጠር እናት ቤት ነው ያለው?» አልኳት። አንዱ ከረጢት ሕይወት አድን የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው፤ ውኃው ካነሰ ጨው ይበዛል፣ ከበዛም ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ስለዚህ መለኪያው ቀልድ አይደለም። በእኛ ጊዜ በሦስት የቢራ ጠርሙስ እናስለካ ነበር። አሁን ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ የማይገባበት አገር የለም። ሃይላንዷን ሣለቻት፤ የተጨማደደ ወገቧንና ክዳኗን ሳይቀር።

ለሕፃኑም መላ አገኘች። ቁንጮ አደረገችለት። በመጀመሪያው ሥዕል ዓይኑ ጎድጉዶ ከእነቁንጮው፣ በሁለተኛው በማንኪያ እየጠጣ ከእነቁንጮው፣ በመጨረሻው እየሳቀ ከእነቁንጮው። አንገቱ ላይም አንድ ዓይነት ክር። አንድ ልጅ መሆኑን ማንም አይስተውም። ሥዕሎቹንም ጎን ለጎን ሳይሆን ከላይ ወደ ታች በአንድ ረጅም ጠባብ ወረቀት ላይ ደረደረቻቸው፤ ቁመቱ የሁለት ዓመት ሕፃን ቁመት። ግድግዳ ላይ ሲሰቀል እናትየው ልጇን አጠገቡ ታቆመዋለች። የክታቡ ነገር ነው፤ ጸሎቱ በማንኪያና በሃይላንድ ተተካ እንጂ።

የእናትየዋን እጅ ሳይ ደግሞ አወቅሁት። ማንኪያውን የያዘችበት፣ ጣቶቿን ሰብሰብ አድርጋ በአውራ ጣቷ የደገፈችበት አያያዝ፣ ጎረቤታችን ምስር ስትለቅም የነበረው እጅ ነው። በረንዳ ላይ ቆማ ስትለቅም የነበረው እሱን ነው ለካ። ያን ቀን የተናገርኩትን ነገር አስታውሼ አፈርኩ። ይቅርታም ጠየቅኋት፤ እኛ ዘመን ለልጅ ይቅርታ መጠየቅ አልለመድንም፣ ግን ጠየቅኋት።

ሥዕሉ ተሠርቶ አላለቀም። «ለማያውቁት ሰዎች ካልታየ ምንም አይደለም» አለች። ቡና አፍልቼ የሰፈሩን ሴቶች ጠራሁ፤ ከገጠር በቅርብ የመጡ የጥበቃችንን ባለቤትና እናቷንም። ልጄ ምንም ሳታስረዳ ዘርግታ «ምን ይታያችኋል?» ብቻ ብላ ጠየቀች። ቀጥሎ የሚመጣውን ለማሳየት ያደረገቻትን ቀስት አንዷ «ይህ ጦር ለምንድነው?» አለቻት፤ ቀስቱ ወጣ። ከሁሉ የነካኝ ግን የጥበቃችን አማት ናቸው። ብዙ ዝም ብለው አዩና «ይህች ልጅ ሰው የላትም እንዴ?» አሉ። «ልጇ እንዲህ ታሞ ብቻዋን? እናቷ የት ናት?»

ልጄ እኔን አየችኝ። በሚቀጥለው ቀን ሥዕሉ ውስጥ አያት ገቡ፤ ነጠላ ያጣፉ፣ ማሰሮውን አቅርበው የተቀመጡ፣ ሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት የሚያይ። እኔን ይመስላሉ ይሉኛል። አፍንጫቸው ግን የእኔ አይደለም።

በቤታችሁ የሚሥል ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ካለ፣ ከዚህ ሁሉ እኔ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ተቀምጦ ሲያይ ስታገኙት «ሥራ ፈት» ከማለታችሁ በፊት ምን እንዳየ ጠይቁት፤ ደህና ካየ መልስ አለው። ደብተርና እርሳስ ውድ አይደለም፤ ስልኩን ከመንጠቅ ይልቅ እነሱን መግዛቱ ይሠራል። ደግሞም ሳትጠየቁ የሥራ ዘመናችሁን ተርኩለት፤ የሾፌርነት፣ የአናጢነት፣ የገበያ፣ የእርሻ፣ ምንም ይሁን። በተለይ የተሳሳታችሁበትንና የሳቁባችሁን። ያማረውንማ ከየትም ያገኘዋል። ፍርድ ግን አታብዙ። እኔ መጀመሪያ አካባቢ «ይህ ቀለም ደብዝዟል፣ ይህ እግር ወፍሯል» እያልኩ ልጅቷን አስመርሬያት ነበር፤ አንድ ቀን በትሕትና ከክፍሏ አስወጣችኝ።

ሥራውን አንድ ሳምንት አሳልፋ አስረከበች። ረጅሙን ወረቀት አልተቀበሏትም፤ ለማተሚያ ቤት አይመችም፣ ዋጋው ይወደዳል ተባለ። ተቆራርጦ እንደ ተራ መጽሔት በገጽ በገጽ ሆነ። ልጁ ከእነቁንጮው፣ ሃይላንዷና አያትየዋ ግን አልተነኩም፤ ቀሪ ክፍያዋም ተሰጣት። ሁለት ቀን አኩርፋ ሰነበተች። እኔም ከእሷ ጋር አኮረፍኩ፤ የሚገርመው ያ ነው።

ረጅሙ ሥዕል አሁን የማእድ ቤታችን በር ላይ ተሰቅሏል። የልጅ ልጄ በመጣ ቁጥር አጠገቡ ይቆማል፤ ባለፈው ፋሲካ ቁንጮው ጋ ደርሶ ነበር፣ አሁን አልፎታል።

ልጄ ሰሞኑን የማር ማሸጊያ እንድትሠራ ታዝዛለች። ማክሰኞ ማታ «እማዬ፣ የእናትሽ ሞሰብ የት ነው? ስፌቱን ላየው ነበር» አለችኝ። ወደ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ቦታ አጣብቦን፣ ክዳኑም ሳስቶ ስለነበር ለድሮ ሠራተኛችን ሰጥቼዋለሁ። ሰበታ ነው ያለችው። ደውዬ ጠይቄያታለሁ፤ እስካሁን እንጀራ ይቀርብበታል አለችኝ። ቅዳሜ አብረን ልናየው እንሄዳለን፤ ልጄ እርሳሷን፣ እኔ ዳቦ ይዤ።